እግሩን በውኃ የነከረ ደን

(በአንዋር መስጊድ ሰፈር ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ወጣቶች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)



በአንድ ወገን የራጉኤል ደወል፣ በሌላው ወገን የአንዋር መስጊድ አዛን በሚሰማበት በዚህ ሰፈር ቆሞ ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ከዚህ በር ወጥተን ጥቂት እርምጃ ብንራመድ የምናገኘው ቆርቆሮ፣ ሸማ፣ ቅመምና የሰው ግፊያ ነው። ዛፍ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ወደ መስጊዱ ግቢ ቀና ብሎ መመልከት አለበት። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳይ ወደዚህ ይዘን የመጣነው አስበንበት ነው። ስለ ደን የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በደኑ ዳር ለሚኖረው ገበሬ ነው። ደኑ የሚቆረጠው ግን ገበያ ስላለው ነው፤ የአገሪቱም ትልቁ ገበያ ይህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከመካከላችሁ ለልጁ ሙዝ የገዛ ሰው ካለ፣ ያ ሙዝ ከአርባ ምንጭ ቆላ የተጫነ የመሆኑ ነገር ብዙ አያጠራጥርም። በጾም ማግስት የሚበላው ነጭ ዓሣና ቆሮሶ ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ሊሆን ይችላል። እዚህ ሸማ ተራ ተንጠልጥሎ የሚሸጠውን ጋቢና ነጠላ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌሎቹ የጋሞ ደጋዎች የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስላለ ቦታ ቢሆንም፣ ቦታው በየቀኑ ወደ ቤታችሁ ይገባል።

ዛፍ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጽድ ነው። አገር በቀሉ ጽድ በአድባራቱ ዙሪያ ቆሞ ዘመናትን የኖረ፣ ጣውላውም ምስጥ የማይደፍረው የተከበረ ዛፍ ነው። ይህ ጽድ ደጋ ይወዳል፤ ውኃ የተኛበትን መሬት ግን አይወድም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ከዚሁ የጽድ ወገን የሚቆጠር፣ ነገር ግን ግንዱን በውኃ ውስጥ ተክሎ የሚያድግ ዛፍ አለ። ሥሩ እንደ ጉልበት ከውኃው በላይ ብቅ ብቅ ይላል፤ በሥሩ ዓሣና አዞ መሰል አውሬ ይመላለሳሉ፤ በቅርንጫፉ ላይ ውኃ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጽድ የለም። እግሩን በውኃ የነከረ ደን ግን አለን፤ እርሱም በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ሥር ይገኛል። የዚያ ደን ጌታ ጽዱ ሳይሆን ሾላው ነው።

ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በአባያና በጫሞ ሐይቆች ውኃ የተሸፈነ ነው። ስሙን ያገኘው ከሐይቆቹ ምሥራቅ በኩል ካለው ሰፊ ሜዳ ሣር ነው፤ ሣሩ በበጋ ሲደርቅ ከሩቅ ነጭ መስሎ ይታያል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸውን ቀጭን የመሬት ወገብ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። በድልድዩ ጫፍ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው አባያን ቀይ ሆኖ ያየዋል፤ ወደ ደቡብ የዞረ ደግሞ ጫሞን ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል። የአባያ ቅላት ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ከማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ከሐይቁ ዙሪያ ካሉት ደጋዎች ላይ ዛፍ በተነሣ ቁጥር ዝናቡ ተጨማሪ አፈር ያወርድለታል።

ደኑ ያለው በምዕራብ በኩል፣ ከከተማው ገደል ሥር ነው። ወደዚያ በወረድን ጊዜ ወሩ የበጋ ነበረ። ከላይ በከተማው አቧራው ይነሣል፤ ሣሩ ደርቋል። ቁልቁል የተወሰነ መንገድ ከተጓዝን በኋላ ግን ድንገት ጥላ ውስጥ ገባን። ከእግራችን በታች ያለው አፈር ረጥቧል፤ ሠላሳ ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ዛፎች ሰማዩን ዘግተዋል። አየሩም ልብስ እስኪያርስ ድረስ የከበደ ነው። በዚያ ቆላ የሚዘንበው ዝናብ እንዲህ ያለ ደን ለማቆም አይበቃም። ታዲያ ከየት መጣ?

መልሱ ከላይ ከደጋው ነው። በጋሞ ተራሮች ላይ የዘነበው ውኃ ሁሉ በወንዝ አይወርድም። ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በድንጋይ ስንጥቆች መካከል ቀስ ብሎ ተጉዞም በገደሉ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የከተማው ስም ራሱ ከእነዚህ ምንጮች የተወሰደ ነው። በአገራችን አነጋገር አርባ ማለት ብዙ ለማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ምንጮቹን የሚቆጥር ሰው አርባ ባይሞሉለት አይዘን። ዛፎቹ ሥራቸውን የሰደዱት ወደዚህ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ በጋ ከክረምት የማይለይባቸውም ስለዚህ ነው። ዛፉ ደግሞ በበኩሉ ምንጩን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ገደሉን ከመናድ፣ የምንጩንም ዐይን ከደለል ይጠብቀዋል። የአርባ ምንጭ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። እንግዲህ ደኑ ለከተማው ማማሪያ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የከተማው የውኃ ጋን ነው።

በዚህ ጥላ ሥር የሚኖረውን ፍጥረት ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜው አይበቃንም። ጉሬዛው ጥቁርና ነጭ ካባውን ዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወረወራል፤ ዝንጀሮው፣ ጦጣው፣ ድኩላውና ከርከሮው አሉ። ቁልፎ ወንዝ በደኑ መካከል አልፎ ወደ ጫሞ ይገባል። በጫሞ ዳር ደግሞ አዞዎች በብዛት ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ አለ፤ ስሙም የአዞ ገበያ ይባላል። ለመርካቶ ሰው ይህን ስንናገር ፈገግ ሳንል አንቀርም፤ ሻጭም ገዢም የሌለበት ገበያ ነውና። ጉማሬዎቹም በዚያው ውኃ ይኖራሉ፤ ሌሊት ወደ ዳር እየወጡ ሣር ይግጣሉ።

በምሥራቁ ሜዳ የሜዳ አህያ በመንጋ ይሰማራል። በዚያው ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ የሞተች የአንዲት የሌሊት ወፍ ዘር ያልሆነች፣ በማታ የምትበር እውነተኛ ወፍ አገኙ። ከአካሏ ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን በዓለም ከሚታወቁት ወፎች ሁሉ ጋር ቢያስተያዩት የሚመስለው አጡ፤ በ1995ም በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያለው ሶላላ የሚለው ቃል ክንፍ ብቻ ማለት ነው። በአንድ ክንፍ ብቻ የታወቀ ፍጥረት በአገራችን እንዳለ ስንሰማ፣ ገና ሳናውቃቸው ያጣናቸው ስንት እንደሆኑ ማሰባችን አልቀረም።

ያወቅናቸውንም እያጣን ነው። የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። ፓርኩ በተቋቋመበት ዘመን ከሰንቀሌ እየተያዙ ወደ ነጭ ሣር ተወስደው ነበር። በአዲሱ ቦታ ይበዛሉ ተብሎ የታሰቡት ቆርኬዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ሄደው በጣት ወደሚቆጠሩበት ደረጃ ደረሱ። ሜዳው በከብት ተጨናንቋል፤ ቁጥቋጦውም ሣሩን ውጦታል። በጫሞም ነጭ ዓሣው እየተመናመነ፣ የመረቡም ዐይን እየጠበበ ነው፤ ገና ያልወለደው ዓሣ ሳይቀር ይጠመዳል። በአባያ ላይ ደግሞ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ታይቷል።

ከሁሉም በላይ ግን በልባችን የቀረው በደኑ መንገድ ላይ ያየነው ነው። እኛ ስንወርድ እናቶች ሽቅብ ይወጡ ነበር። ጀርባቸው በእንጨት ሸክም ጎብጦ፣ ገመዱ ትከሻቸው ላይ ሰምሮ ገደሉን ይወጣሉ። እንጦጦን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ስዕል ለማየት አርባ ምንጭ መሄድ አያስፈልገውም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉትን አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘናቸውና ሰላምታ ሰጠን። ልጆቼ ብለው ተቀበሉን። ደኑ መቆረጡ ምንጩን እንደሚያደርቅ ነገርናቸው፤ ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። በልጅነታቸው ውኃ ይቀዱባት የነበረች አንዲት ምንጭ ዛሬ ከበጋው እኩሌታ በኋላ እንደማትፈስ አጫወቱን። ነገር ግን ይህን ሸክም ሸጠው ካልገቡ ማታ በቤታቸው የሚቀመስ እንደሌለም ጨመሩልን። የምንመልሰው አልነበረንም። ዝም ብለን ሸክማቸውን አንሥተን አሸከምናቸው፤ ደኑን ለመጠበቅ የሄድን ሰዎች ከደኑ የተቆረጠውን እንጨት በገዛ እጃችን አነሣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፓርክ የምናስበው ተለውጧል። በነጭ ሣር ደኑንና አራዊቱን ለማዳን ሲባል በተለያዩ ዘመናት የተወሰደው እርምጃ ሰውን ማስነሣት ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የፓርኩን አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ የተባለ የውጭ ድርጅት ሊረከብ ሲል፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት የኮሬና የጉጂ ቤተሰቦች ብዙዎቹ እንዲነሡ ተደርጓል፤ በጉጂዎቹ በኩል ቤት መቃጠሉም በዘመኑ ተዘግቧል። ድርጅቱም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለቅቆ ወጣ። የተነሡት ሰዎች ቅሬታ ቀረ፤ ከብቱም ወደ ሜዳው ተመለሰ። ቆርኬውም አልበዛም። እኛ ፓርክ መኖር የለበትም አንልም፤ ይልቁንም ጥበቃው ሊጠነክር ይገባል እንላለን። ነገር ግን ጎረቤቱን ጠላት ያደረገ ደን ጠባቂው ቢበዛለትም አይድንም።

ቀደም ሲል ስለ ጠቀስነው የውኃ ውስጥ ጽድ አንድ ነገር እናክል። በፍሎሪዳ ቢግ ሳይፕረስ የሚባል የጽድ ረግረግ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ በዚያ ላይ ግዙፍ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ተጀምሮ ነበር። ረግረጉ ከደረቀ ከበታቹ ያለው የኤቨርግሌድስ ፓርክ ንጹሕ ውኃ እንደሚያጣ የተረዱ ሁሉ ተነሡ፤ አዳኞችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች፣ ነባሮቹም የሚኮሱኪና የሴሚኖል ሕዝቦች በአንድ ድምፅ ተቃወሙት። ረግረጉ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ ተከለለ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ነጭ ሣርም የተመሠረተው በዚያው ዘመን ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ግን ነባሮቹ ሕዝቦች በቦታው የመኖርና እንደ ልማዳቸው የመጠቀም መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። በዚያ አገር በነባሮቹ ሕዝቦች ላይ የደረሰው ግፍ ብዙ ስለ ሆነ ምሳሌ አድርገን ልናሞግሰው አይደለም። በዚህ በአንዱ ጉዳይ ግን ደኑንና ሰውን አብሮ ማቆየት እንደሚቻል ያሳያል።

ለዚህ ግን ወደ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም ነበር። የሰሜኑ ተራራ ተራቁቶ ሳለ በአድባራቱ ዙሪያ ያለው ደን ለምን ቆመ? አጥር ስላለው አይደለም፤ ብዙው አጥር አልነበረውም። የአጥቢያው ሰው የእኔ ነው ስላለ፣ አባቶቹም ስለ ተቀበሩበት፣ ጥላው በዓል የሚያከብርበት ስለ ሆነ ነው። የጋሞ ደጋ ሰዎችም ሽማግሌ ሳይፈቅድ ቅርንጫፍ የማይነካባቸው ደኖች አሏቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ በተነሡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው መንበርከካቸውን፣ ወጣቶቹም መመለሳቸውን ሁላችን በምስል አይተናል። ሣር ይዞ ሰውን ከደም የሚመልስ ሕዝብ፣ ደኑን ለማስጠበቅ ሥልጣኑና ድርሻው ቢሰጠው የሚያቅተው አይመስለንም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ እንናገር። ከዓመታት በፊት፣ የቦታውን ስም አንጠራም፣ በአንድ ደጋ ላይ ውኃ የሚቋጥር ጨፌ አገኘን። ሰፊ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፤ ከዚያ በቀር ሥራ የሌለው ባዶ መሬት መሰለን። ልማት እናምጣ ብለን በዳርና በዳሩ ባሕር ዛፍ ተከልንበት፤ ከፍ ባለው በኩል የፈረንጅ ጽድ ጨመርን። ችግኙ ጸደቀ፤ ለጉብኝት የመጡትም አደነቁ። በስድስተኛው ዓመት ገደማ ግን ከጨፌው ግርጌ የነበረው ምንጭ ቀጠነ። ባሕር ዛፉ ውኃውን ይጠጣል፤ ተጠጋግቶ በተተከለው በፈረንጁ ጽድ ጥላ ሥርም ሣር የሚባል አልበቅል አለ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ገና ከመጀመሪያው ይህ መሬት የውኃ ቤት ነው ብለውን ነበር። እኛ ሰምተን አለፍናቸው፤ መሬት ሲረጥብ የተበላሸ፣ ሲደርቅ የለማ እየመሰለን ኖረናልና። ያን ባሕር ዛፍ ለመንቀል የወሰደብን ጊዜ ለመትከል ከወሰደብን እጅግ ይበልጣል፤ ምንጩም ገና እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ይህን ለእናንተ ለአዲስ አበባ ሰዎች መንገር ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብን እንሰጋለን። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካንና በርሜል መሙላት ምን እንደሆነ ከዚህ ሰፈር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ለውዱእ የሚሆነውም ውኃ፣ ወደ ጸበል ቤት የሚገባውም ውኃ ከአንድ ሰማይ ወርዶ፣ በአንድ መሬት ሰርጎ የሚመጣ ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች ቧንቧው ይለያይ እንደ ሆነ እንጂ፣ ከበላዩ ያለው መሬት ከተራቆተ ሁሉም ይደርቃል። አርባ ምንጭ ዛሬ የምታየውን አዲስ አበባ ትናንት አይታዋለች።

እንግዲህ ከመርካቶ ምን ይጠበቃል? ብዙ ነገር ልንጠይቅ አልመጣንም። አንደኛው ጉዳይ ምድጃ ነው።

ከዚህ ጥቂት አለፍ ብሎ ምናለሽ ተራ አለ። የተጣለ ብረት፣ ያረጀ በርሜልና ቆርቆሮ በዚያ ባለሙያዎች እጅ ተቀጥቅጦ ድስት፣ ባልዲና የከሰል ምድጃ ሆኖ ወደ አገሪቱ ሁሉ ይሄዳል። በአርባ ምንጭ ገበያም ከመርካቶ የወረደ ምድጃ አይተናል። ምድጃው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ በጎኑ ሁሉ ይባክናል። ውስጡ በሸክላ የተለበጠው ላቀች የተባለው ምድጃ ከዚህኛው ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ የሚሆነው ምርጥ ምድጃ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ሊያስቀር ይችላል። እነዚህ ምድጃዎች አዲስ ግኝት አይደሉም፤ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ወደ አርባ ምንጭ እናቶች ቤት በብዛት ያልገቡት ዋጋቸው ከፍ ስለሚልና ሻጩ ስለማያመጣቸው ነው። የምናለሽ ተራ ባለሙያ የላቀችን የብረት ቅርፍ በብዛት ቢቀጠቅጥ፣ የሸክላ ሥራውን በዚያው በአካባቢያቸው ያሉ እናቶች ቢሠሩ፣ እንጨት ከመሸከም ሌላ እንጀራ የሚሆን ሥራ ይገኛል። ጭነት መኪናው ሙዝ ለማምጣት ወደ ታች ባዶውን የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ የምድጃው ማጓጓዣ ያን ያህል የሚከብድ አይሆንም።

ሌላው የዓሣ ነጋዴውን ይመለከታል። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ሲቀርብላችሁ አንቀበልም ብትሉ፣ መረቡ ራሱ እየሰፋ ይመጣል፤ አጥማጁ የሚያጠምደው የሚሸጥለትን ነውና። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ከሰልን በተመለከተ ግን ቃል አናበዛም፤ ሌላ ማብሰያ ሳይቀርብለት ሰውን ከሰል አትግዛ ማለት እኛም ራሳችን የማንፈጽመው ምክር ነው።

ከንግግሩ በኋላ ስለ ላቀች ምድጃ መጠንና ዋጋ ለመነጋገር የፈለጋችሁ የብረታ ብረት ባለሙያዎች ወደ ኋላ ቅሩልን። ሁለት ምድጃ ይዘን መጥተናል፤ አንዱ የተሰነጠቀ ነው፤ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ እንድታዩት ብለን ሆን ብለን አምጥተነዋል። ሸክላው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ፤ እርሱን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ መፍትሔውን ከእናንተ እንጠብቃለን።